የአይጥ ካርታ፣ በቡናማ ቀለም

፩. አንገት

ጅራቷን ከሥሩ ያዝ። ጫፉን ከያዝክ ዞራ ትነክስሃለች። በሣጥኗ የሽቦ ክዳን ላይ አድርጋት፤ ሽቦውን በእግሮቿ ጨብጣ ወደ ፊት ለመሸሽ ትታገላለች፤ አንተም የምትፈልገው ይህንኑ ነው። እርሳስ ከጆሮዎቿ ኋላ አጋድም። ተጫነው። ጅራቷን ሳብ።

ቀጭ።

እጅህ ከተንቀጠቀጠ ሁለተኛ መሞከርህ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ለሁለታችሁም የባሰ ነው። የትርሲት እጅ ግን ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ትርሲት በአዲስ አበባ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ ናት፤ ከምትገድላቸው አይጦች አብዛኞቹም የእሷ አልነበሩም። የጓደኛዋ የፍሬሰንበት ነበሩ።

ፍሬሰንበት መግደል አትችልም። ትርሲት እርሳሱን ስታነሳ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞርና ዓይኗን ጨፍና የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። ከዚያ፣ ሳትዞር፦

«አለቀ?»

«አለቀ።»

ይህን ጥያቄና መልስ ያዝልኝ፣ አንባቢ። በኋላ እፈልገዋለሁ።


፪. ለምን እንደሚሞቱ

ኦክስጅን በሰውም በአይጥም ገላ ውስጥ ቀስ እያለ ያቃጥላል፤ ብረትን እንደሚያዝገው። ቃጠሎውን የሚያበርዱ ሬዶክስ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ከእነሱ አንዱ ታዮሬዶክሲን ነው፤ በላብራቶሪው ግን ሁሉም «እሳት አጥፊው» ይለዋል። የፍሬሰንበት ሥራ እሳት አጥፊው በአይጥ ገላ ውስጥ የት የት እንደሚገኝ ካርታ መሥራት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አይጧ ትሞታለች። ጉበቷ፣ ኩላሊቷ፣ አንጎሏ በየተራ ወጥቶ በሰም ውስጥ ይደርቃል፣ ከወረቀት በሳሳ ሁኔታ ይቆረጣል፣ መስተዋት ላይ ይለጠፋል። እሳት አጥፊውን ብቻ ፈልጎ የሚይዝ አንቲቦዲ ይፈስበታል። በመጨረሻ ቀለም ይጨመራል። እሳት አጥፊው ባለበት ቦታ መስተዋቱ ቡናማ ይሆናል፤ በሌለበት ነጭ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ችግር አለ። ደምም ያለ ማንም እርዳታ ያንን ቀለም ቡናማ ያደርገዋል። ስለዚህ መስተዋቱ አስቀድሞ በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይታጠባል፤ ያ ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚያወጣው ፈሳሽ ነው። ደሙን አፉን ያስይዘዋል። ከዚያ በኋላ የሚናገረው እሳት አጥፊው ብቻ ነው።

ፐሮክሳይዱ በጥቁር ጠርሙስ ይቀመጣል። ብርሃን ካየ ይሞታል። ሲሞት ውሃ ይሆናል፤ ውሃ መሆኑንም መልኩ አይናገርም።


፫. ጠርሙስ

የሚከተለው የሆነው ትርሲት ክፉ ሰው ስለነበረች አይደለም። ይህን የምጽፈው ልከላከልላት ብዬ አይምሰልህ፤ የመጀመሪያው ቀን እንዲያ ስለነበር ነው።

የራሷ ሥራ የአይጥ አንጀት ነርቮችን በብር ማቅለም ነበር። የብሩ ፈሳሽም ብርሃን አይወድም። በላብራቶሪው ጥቁር ጠርሙስ እንደ ልብ አይገኝም፤ የተገኘውን አጥቦ ደግሞ መጠቀም የሁሉም ልማድ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በግማሽ የቀረ የፐሮክሳይድ ጠርሙስ አየች። ፈሳሹን ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጠችው፣ ስሙን ጻፈችበት፣ ጥቁሩን አጥባ ወሰደች። ነጩን ጠርሙስ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። ጥቁር ጠርሙስ ሲገኝ እመልሰዋለሁ አለች።

ያ መስኮት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይገባበታል።

ረሳችው።


፬. ካርታው

ጉበት።
ቡናማ።

ጣፊያ።
ቡናማ።

ኩላሊት።
ቡናማ።

ሳንባ።
ቡናማ።

አንጎል።
በደም ሥሮቹ ውስጥ፣ መስመር መስመር እየሠራ፣ ቡናማ።

የአንጎሉን መስተዋት ባዩ ጊዜ አማካሪያቸው ዶክተር ገሠሠ ከማይክሮስኮፑ ላይ ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው። እሳት አጥፊው የአንጎልን በር የሚጠብቅ ዘበኛ ነው ማለት ነው አሉ። ይህን እስከ ዛሬ ማንም አላየም አሉ። ከዚያም ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ክፍሉ የተሰጠው አንድ የቋሚ መምህርነት ቦታ ካርታው በዲፌንሱ፣ በመመረቂያ ጽሑፏ ፈተና፣ ካለፈ የፍሬሰንበት እንደሚሆን፣ ካላለፈ ደግሞ ወደ ትርሲት እንደሚሄድ ተናገሩ። «ትርሲት ደግሞ ጎበዝ ናት፣ እጇ ጥሩ ነው» ብለው ጨመሩ።

እጇ ጥሩ ነው። ለሥጋ ሻጭ የሚባል ነገር ነው። ትርሲት ፈገግ ብላ አጨበጨበች።


፭. ጠብታ

ነገሩ የገባት ጠርሙስ ስታጥብ ነው። ጥቁሩን ጠርሙስ ያዘችና የት እንዳገኘችው አስታወሰች። ዞር ስትል ነጩ ጠርሙስ እዚያው መስኮቱ ሥር ፀሐይ ይሞቃል። ፍሬሰንበት ሁልጊዜ ከእሱ እየቀዳች መስተዋቶቿን ታጥባለች።

ትርሲት ጠዋት ከገደለቻት አይጥ የቀረ ደም ላይ ከጠርሙሱ አንድ ጠብታ አፈሰሰች። አረፋ ሊያወጣ ይገባው ነበር።

ዝም።

ደግማ አፈሰሰች።

ዝም።

ስለዚህ ጉበቱ ደም ነው። ጣፊያው ደም ነው። የአንጎሉ ዘበኛም፣ ዶክተር ገሠሠ ዓይናቸውን የተከሉበት፣ በደም ሥር ውስጥ የቀረ ተራ ደም ነው። የፍሬሰንበት ካርታ የደም ካርታ ነው፤ አይጥ ደም እንዳላት ደግሞ ማንም ያውቃል።

አንቲቦዲ ያልነካው መስተዋት አብሮ ቢቀለም ቡናማ ወጥቶ ስህተቱ ወዲያው ይታይ ነበር። ፍሬሰንበት መጀመሪያ ላይ፣ ፐሮክሳይዱ ደህና በነበረበት ጊዜ፣ ሠርታው ነበር፤ ነጭ ወጣ። ከዚያ በኋላ ዶክተር ገሠሠ አንዴ ታይቷል፣ ቀለም አታባክኚ ብለው ከለከሏት። ታዛዥ ልጅ ናት።


፮. ትርሲት ያን ቀን ለፍሬሰንበት የነገረቻት




(ባዶው ቦታ የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም።)


፯. ባዷ

በአይጦቹ ክፍል አንድ የተለየች አይጥ ነበረች። ስትፈጠር ጀምሮ እሳት አጥፊው አንጎሏ ውስጥ እንዳይኖር ተደርጋ የተወለደች ናት፤ ከዘሯ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ባዷ* ይሏታል። ፍሬሰንበት እየደበቀች የሱፍ ፍሬ ታበላታለች። ባዷም ከሱፉ ይልቅ የፍሬሰንበትን እጅ መላስ ለምዳለች።

ከዲፌንሱ በፊት ፍሬሰንበት እየፈራች መጣች። ፈታኞቹ የባዷን አንጎል መጠየቃቸው አይቀርም አለች። እሳት አጥፊው የሌለው አንጎል ነጭ ከወጣ የካርታው አንጎል ቡናማ መሆኑ እውነት ነው፤ እሷም ቡናማ ከወጣች ግን ካርታው ሁሉ ውሸት ነው። ማቅለሙንም አልችልም፣ ያበላኋት እጄ ነው፣ አንቺ ሥሪልኝ ብላ ለመነች።

አብረው ገቡ። ፍሬሰንበት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባዷ ሰው ስለለመደች አልሸሸችም፤ ሽቦው ላይ ቁጭ ብላ እጅ ፈለገች። ትርሲት ወደ ፊት እንድትሄድላት ጅራቷን መቆንጠጥ ነበረባት።

ቀጭ።

«አለቀ?»

«ገና ነው።»

መዝሙሩ ቀጠለ።

«አለቀ፣ ትርስዬ?»

«ገና ነው አልኩሽ። እየታገለች ነው።»

ባዷ በትርሲት መዳፍ ላይ ሞታ፣ ሞቃ፣ ተዘርግታ ነበር። ፍሬሰንበት መዝሙሩን ከፍ እያደረገች ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ትርሲት ጓደኛዋን ከጀርባዋ ቆማ ተመለከተች። አንጀቷ ራሰ። ይህን ስሜት ከዚህ በፊት አታውቀውም ነበር፤ ካወቀችው በኋላም አልጠላችውም።

* ለአይጥ ስም ማውጣት ክልክል ነው። «ባዷ» ስም አይደለም፣ መግለጫ ነው ብለው ይከራከራሉ። እኔም ይህን ታሪክ ስጽፍ ስም ላለማውጣት አስቤ ነበር።


፰. ሁለት መስተዋት

ትርሲት የባዷን አንጎል ሁለት ጊዜ አቀለመች።

አንደኛውን መስኮቱ ሥር ካለው ጠርሙስ ቀድታ አጠበች። በደም ሥሮቹ ውስጥ፣ መስመር መስመር እየሠራ፣

ቡናማ።

ሁለተኛውን ከዕቃ ግምጃ ቤት ካወጣችው፣ ማኅተሙ ካልተፈታ ጥቁር ጠርሙስ ቀድታ አጠበች።

ነጭ።

ነጩን ለፍሬሰንበት ሰጠቻት። ፍሬሰንበት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እኅቴ ነሽ አለቻት። ቡናማውን ትርሲት በጋዋኗ ኪስ ውስጥ በለስላሳ ወረቀት ጠቅልላ ያዘች።


፱. እዚህ ላይ የምትጠይቀኝ

ለምን እውነቱን አልነገረቻትም ትለኛለህ። መጀመሪያ የፈራችው ስለ ጠርሙሱ ነው፤ ማን ገለበጠው መባሉ አይቀርም። ይህ ሰበብ ግን ብዙ አልቆየም። ስህተቱ በጓዳ ከታወቀ ዶክተር ገሠሠ ፍሬሰንበትን ያጽናኗታል፣ ጊዜ ይጨምሩላታል፣ ቦታውም ይጠብቃታል። በአዳራሽ፣ በውጭ ፈታኞች ፊት ከወደቀች ግን የሚያነሳት የለም። ትርሲት ጓደኛዋ እንድትወድቅ ብቻ አልፈለገችም። መጀመሪያ ከፍ እንድትል ፈለገች።

አሳቧ ይህ ነበር፤ ጥያቄ ለታዳሚው ክፍት ሲሆን እጇን ታወጣለች። የተረፈ ቁራጭ ነበረኝ፣ ለማረጋገጥ ያህል በካርታው ጠርሙስ ደግሜው ነበር፣ ያየሁት ግን አስጨንቆኛል ብላ ቡናማዋን መስተዋት ከኪሷ ታወጣለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ያዘነች መስላ። ቤቷ የፊት መስታወት ፊት ቆማ ተለማምዳዋለች።

ልጽፍላት የምችለው ደግ ምክንያት ፈልጌ ነበር። አላገኘሁም።


፲. ዲፌንስ

(ቃል በቃል እንደተባለው።)

ፕሮፌሰር ባልካቸው፣ የውጭ ፈታኝ፦ ይቺ ነጯ መስተዋት ቆንጆ ናት። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ደም ሥሩ ውስጥ ደም ይታየኛል፤ ደሙም ነጭ ነው። በካርታሽ ላይ ግን ደም ያለበት ሁሉ ቡናማ ነው።

ፍሬሰንበት፦ ባዷ እሳት አጥፊው ስለሌላት ነው፣ ፕሮፌሰር።

ፕሮፌሰር ባልካቸው፦ የጠፋባት ከአንጎሏ ነው እንጂ ከደሟ አይደለም፤ ራስሽ ጽፈሽዋል። መስተዋቶቹን በፐሮክሳይድ አጥበሻል?

ፍሬሰንበት፦ ሁሉንም።

ፕሮፌሰር ባልካቸው፦ ከአንድ ጠርሙስ?

ፍሬሰንበት፦ ካርታውን፣ አዎ። ይቺን የሠራችልኝ ግን ትርሲት ናት።

ፕሮፌሰር ባልካቸው፦ የት አለች?

(ትርሲት ከኋላ ወንበር ትነሳለች። እጇ ኪሷ ውስጥ ነው።)

ፕሮፌሰር ባልካቸው፦ ልጄ፣ ያጠብሽው ከዚያው ጠርሙስ ነው ወይ?


፲፩. አንገት

ተለማምዳ የመጣችው ይህን አልነበረም። ለጥያቄ እንጂ ለመልስ አልተዘጋጀችም።

አዎ ካለች ውሸት ነው። ካርታው ያልፋል፣ ቦታው የፍሬሰንበት ይሆናል፣ በሌላ አገር ሌሎች ተማሪዎችም የአንጎሉን ዘበኛ ፍለጋ አይጥ አንገት ላይ እርሳስ ያጋድማሉ።

አይደለም ካለች እውነት ነው። ፍሬሰንበት እዚያው ትወድቃለች። ግን ፕሮፌሰሩ ለምን አዲስ ጠርሙስ ከፈትሽ ማለታቸው አይቀርም፤ ለዚያ ደግሞ ከአንድ በቀር መልስ የለም። የጠርሙሱን መበላሸት ታውቅ ነበር። ሁለቱም በአንድ ቀን ያልቃሉ።

ዶክተር ገሠሠ በዓይናቸው ለመኗት፤ አዎ በይ ነው የሚሉት። ፍሬሰንበት ከመድረኩ ላይ ሆና አየቻት። መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥሎ ኪሷ ውስጥ ያለውን እጅ። ያንን እጅ ታውቀዋለች። ሲጨብጥ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ስንት ዓመት አብራው ሠርታለች።

ፍሬሰንበት ቀስ ብላ ዞረች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ከፊት የተቀመጡት መዝሙር ሰማን ይላሉ።

«አለቀ?» አለች፣ ሳትዞር።

ትርሲት፦