ክንዴ እንዳይሰማ

«ዳማ ትናንትም በዘጠኝ ሰዓት በሩ ሥር ተቀምጣ ስትጠብቃት ነበር» አሉ ሴትየዋ። ያሉት ወደ ብሥራት ጆሮ ተጠግተው፣ በሹክሹክታ ነው።

ክንዴ ግን ሰማ። ድንኳኑ ውስጥ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ የቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሚስቱ ወርቅአየሁ ከተቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። እስካሁን ሰው ሲያጽናናው ድምፁ ከሜዳ ማዶ የሚመጣ እየመሰለው «አሜን» ብቻ እያለ ነበር የዋለው። ይህ ሹክሹክታ ግን ጥርት ብሎ ተሰማው። ልጁ ብሥራት የሴትየዋን እጅ ጨበጥ አድርጋ፣ «እትዬ፣ እዚህ አይሆንም» ስትላቸው አየ።

ሴትየዋን አያውቃቸውም። ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ከልቅሶ ብዛት ያበጠ ናቸው። በቀብሩ ዕለት ከዘመድ ሁሉ አስበልጠው ሲያለቅሱ አይቷቸው፣ ከጫግኒ የመጡ የወርቅአየሁ አክስት ይሆናሉ ብሎ አልፎት ነበር።

«ዳማ ማናት?» አለ ክንዴ።

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ወሬ ቀጥ አለ። ከጎኑ የተቀመጠው ሽባባው፣ ሃያ ዓመት አብሮት ቀርከሃ የፈለጠው ባልንጀራው፣ መዳፉ ላይ የያዘውን ንፍሮ እያየ አቀረቀረ።

«ማንም አይደለች አባባ» አለች ብሥራት። «የሰፈር ሰው ናት።»

ዳማ የሰው ስም አይደለም፤ የፈረስ ነው። ክንዴ ይህን ለማለት አፉን ከፈተና ለምን እንደከፈተው ጠፋበት። መልሶ ዘጋው።

ወርቅአየሁ የሞተችው ማክሰኞ ነው። እንደ ሁልጊዜው በዘጠኝ ሰዓት ነጠላዋን አጣፍታ በሥራ ቦታው በኩል አለፈች። «ማርያምን ተሳልሜ ልምጣ» አለችው። ክንዴ ከእንጅባራ አስፋልት ዳር ባለችው ዳሱ ውስጥ የወንበር መደገፊያ ቀርከሃ በእሳት እያሞቀ ሲያጎብጥ ነበርና ቀና ብሎ አላያትም። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሽባባው እየሮጠ መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወደቀች፣ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘዋት ሲሄዱ መንገድ ላይ አረፈች አለው። ደም ግፊት ነው ተባለ። ግፊት እንዳለባት ክንዴ ያን ዕለት ሰማ።

«ምን አለች?» ብሎ ሽባባውን ጠይቆት ነበር።

«ምንም አላለች።»

ቀርከሃው እሳቱ ላይ እንዳለ ረስቶት ቆመ። ሽባባው ነው ከኋላው መጥቶ ያነሳው፤ እስከዚያ አርሮ ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል። ሰው ስለ እሷ ሲያነሳበት ክንዴ «ዝምተኛ ናት» ይል ነበር፤ በሙገሳ ነው የሚለው። ለእሷ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ተናግሮ አያውቅም። ሲቆጣ አትመልስም። የገዛ እናቱ እንኳ እንዲህ ያለች ሚስት በማግኘቱ ሳይመርቁት አያድሩም ነበር።

በሣልስቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ለቅሶ ደራሹ ገና ሳይበዛ፣ እኒያ ሴትዮ ብቻቸውን መጡ። ከፍራሹ አጠገብ በርጩማ ስበው ተቀመጡና ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«አቶ ክንዴ፣ እህተማርያም እባላለሁ» አሉ። «ጡረታ እስክወጣ ድረስ ነርስ ነበርኩ። ዋሽቼዎታለሁ፤ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ብሥራት ከጓዳ ብቅ ብላ «እትዬ» አለች።

«ይወቁት ልጄ፣ ግድ የለም» አሏት፤ ከዚያ ወደ ክንዴ ዞሩ። «ወርቅአየሁ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አልወደቀችም። እኔ ግቢ ነው የወደቀችው። ድመቷን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች።»

ክንዴ «ድመቷን» የሚለውን ቃል ሰምቶ ከቀረው ነገር ጋር ማያያዝ አቃተው። «የማን ድመት?» አለ።

«የእሷ። ዳማ የእሷ ድመት ናት። ሁለት ዓመት አለፋት።»

ቀስ እያሉ ነገሩት። እሳቸውና ሦስት ሴቶች፣ አንደኛዋ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፣ የተጣለ ድመት እያነሱ ያሳድራሉ። እህል መጋዘን ውስጥ ለአይጥ መርዝ ይደረጋል፤ የተመረዘች አይጥ የበላች ድመት ትሞትና ግልገሎቿ ይቀራሉ። በጆንያ ታስሮ መንገድ ላይ የሚጣልም አለ። ሴቶቹ በእህተማርያም የድሮ ዶሮ ቤት ሰብስበው፣ አክመው፣ ለሚፈልግ ሰው ይሰጣሉ። ሲሰጡ ግን እንዲሁ አይደለም። የወሳጁን ቤት ሄደው ያያሉ፤ ማን ማን እንደሚኖርበት፣ ጠባዩስ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከዚያ ደብተር ላይ ይጽፋሉ።

«በጆንያ» አለ ክንዴ።

«አዎ፤ በጆንያ» አሉ እህተማርያም፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጥቅምት ላይ ነበር። አንዲት ድመት የሥራ ቦታው ገብታ፣ ለሆቴል ታዞ ባለቀ ሶፋ ትራስ ላይ አራት ወለደች። ወርቅአየሁ ቀን ቀን እየመጣች አጠገባቸው መቀመጥ ጀመረች። ስትስቅ ሰማት። ክንዴ መጀመሪያ የሌላ ሴት ሳቅ መስሎት ዞር ብሎ አይቶ ነበር። በአራተኛው ቀን እናቲቱንም ግልገሎቹንም ጆንያ ውስጥ ከቶ አፉን በገመድ አሰረና ከሰል ጭኖ ወደ ጫግኒ ለሚወርድ የአይሱዙ ሾፌር ሰጠው። «የትም ጣልልኝ» ነው ያለው። እራት ስታቀርብለት «ድመቶቹስ?» አለች። «ሄዱ» አላት። ወጡን ጨለፈችለት። ከዚያ በኋላ አንስታው አታውቅም፤ እሱም ረስቶታል።

«በማግስቱ አክስቴ ታማለች ብላ ጫግኒ ወርዳ ነበር?» አሉ እህተማርያም።

ወርዳ ነበር።

«አክስቷ አልታመመችም። ሾፌሩን አግኝታ የት እንደጣለው ነገራት። በሚኒባስ ሄዳ፣ ወርዳ በእግሯ መንገድ መንገዱን እየፈለገች፣ ጆንያውን ከአንድ ቦይ ውስጥ አገኘችው። በሕይወት የቀረችው አንዷ ግልገል ብቻ ነበረች። ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ አመጣቻትና ቤቴን ሰው ጠይቃ መጣች። እግሯ ቆስሎ ስለነበር ያጠብኩላት እኔ ነኝ።»

ክንዴ የሚስቱን የእግር ቁስል ለማስታወስ ሞከረ። አላየውም።

«ታዲያ ለምን ቤቷ አላመጣቻትም?» አለ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የጠየቀውን ያወቀው።

«በዘጠኝ ሰዓት ትመጣለች» አሉ እህተማርያም። «ታበላታለች፤ ትንሽ ታጫውታታለች፤ ትሄዳለች። በአንዳንዱ ቀን ማርያምንም ተሳልማ ነው የምትገባው፤ ቃሏ ውሸት እንዳይሆን። ያን ማክሰኞ ራሴን አለችና ወደቀች። ባጃጅ ውስጥ እጄ ላይ ነው ያረፈችው። ከማረፏ በፊት የተናገረችው አለ። ሽባባው የደበቀዎት እኔ ስላስማልኩት ነው።»

«ምን አለች?»

«‹ክንዴ እንዳይሰማ› አለች።»

ክንዴ የሚቀጥል ነገር ያለ መስሎት ጠበቀ። ድንኳኑ በር ላይ ሰዎች ጫማቸውን እያራገፉ ሲገቡ ይሰማል።

«ከዚያስ?»

«ሌላ የለም አቶ ክንዴ። ይኸው ነው።»

ከሰዓት በኋላ የመጡት ሁሉ «እግዚአብሔር ያጥናህ» እያሉ አጠገቡ ሲቀመጡ ክንዴ «አሜን» ማለት ተሳነው። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ራሱ ለራሱ የማያውቀው ሰው የሆነ ያህል ተሰማው። እንግዳው ቀለል ሲል ብሥራትን ጠራት።

«ማን ማን ያውቅ ነበር?»

አጠገቡ ተንበርክካ ተቀመጠች። «እኔ አውቅ ነበር። ሽባባውም። ጎረቤቱም ያውቃል። ሥጋ ቤቱ ሳንባ ያስቀምጥላት ነበር።»

«ከእኔ በቀር ሁሉም።»

«አዎ አባባ።»

«መትቻት አላውቅም» አለ ክንዴ። ድምፁ ከፍ አለ፤ ጥግ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ዞር አሉ። «አንድ ቀን እጄን አንስቼባት አላውቅም።»

«አዎ፤ መትተዋት አያውቁም» አለች ብሥራት። ዳንግላ አስተማሪ ናት፤ ለተማሪ እንደምታስረዳ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «ሳልዎን ከመንገድ ስንሰማ ግን ሁላችንም ዝም እንላለን። ምን አጥፍቻለሁ ብዬ አስባለሁ። ዛሬም ለእረፍት ስመጣ እንደዚያው ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው አባባ።»

ክንዴ ያን ጸጥታ ይወደው ነበር። ሰላም መስሎት ነው የኖረው።

በአራተኛው ቀን በዘጠኝ ሰዓት ከፍራሹ ተነስቶ ጫማውን አደረገ። ሐዘንተኛ ሰባት ሳይሞላው ወዴት ይሄዳል ብለው ሽማግሌዎች ሊያስቀምጡት ሞከሩ፤ አልሰማቸውም። ሽባባው መንገዱን ሊያሳየው ተከተለው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ ክንዴ መንገድ ላይ።

«ብነግርህ ድመቷን የት ታደርሳት ነበር?» አለው ሽባባው።

የእህተማርያም ግቢ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ነው። ክንዴ ደጃፉ ላይ ቆሞ «እንደምን ዋላችሁ» ሲል አጥሩ ሥር ፀሐይ ይሞቁ የነበሩት ድመቶች ብትን አሉ። አንዲት ዳማ መልክ ያላት፣ ጆሮዋ ጫፉ የተቆረጠ፣ በበርጩማ ሥር አድርጋ ቤት ውስጥ ገባች። የጆሮዋን መቆረጥ አይቶ አፉን በገመድ ያሰረው ጆንያ ትዝ አለው። ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገውም።

«ልወስዳት ነው የመጣሁት» አላቸው። «የሚስቴ ናት።»

እህተማርያም ገብተው ጠርዙ የተበላ ደብተር ይዘው ወጡና ገጹን ገልጠው አቀበሉት። ወርቅአየሁ በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ትልልቅ ፊደል የጻፈችው ነው። በወሳጅ ስም ቦታ ወርቅአየሁ፣ በድመቷ ስም ቦታ ዳማ ይላል። «ቤቷ የምትገባበት ቀን» በሚለው ሥር ደግሞ «ክንዴ እስኪወድ» ብላለች።

ሁለት ጊዜ አነበበው። ሦስተኛ ሊያነብ ሲል ፊደሉ ተምታታበት።

«ዳማ ብሎ ስም ማን አወጣላት?» አለ።

«ራሷ ናት። የሚወዱት ፈረስ ነበርዎት አሉ። አንድ ጊዜ አውርተውላት ነበር።»

አውርቶላት ነበር፤ በተጋቡ በመጀመሪያው ክረምት። ዳማ የአባቱ ፈረስ ነበር፤ ገደል ገብቶ ሲሞት ክንዴ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ያን ከነገራት ወዲህ ስለ ፈረሱም ስለ ሌላውም ነገር ከልቡ አውርቶላት እንደሆነ አላስታወሰም።

«ወድጃለሁ» አለ ክንዴ። «ወድጃለሁ ብለው ይጻፉልኝ።»

«እርስዎ ቢወዱም ድመቷ ገና ናት» አሉ እህተማርያም፣ ሳይቆጡ። «አልሰጥዎትም አቶ ክንዴ። ቅር ቢልዎትም ለወርቅአየሁ ስል ነው። መምጣት ግን ይችላሉ። ወርቅአየሁ ትቀመጥበት የነበረው በርጩማ ያው።»

የለመደው ቁጣ እስከ ጉሮሮው መጣ። ለማን እንደሚያወጣው አጣና ዋጠው። በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ተቀምጦ ዋለ፤ ዳማ ቤት ውስጥ ካለው አልጋ ሥር አልወጣችም።

በአምስተኛውም ቀን አልወጣችም። በስድስተኛው ሥጋ ቤት ገብቶ የወርቅአየሁን ሳንባ ስጠኝ አለ። ባለ ሥጋ ቤቱ ቢላዋውን ይዞ ትንሽ ቆሞ አየውና ቆርጦ ጠቀለለለት። ክንዴ ሳንባውን ሳህን ላይ አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከኋላው የመላስ ድምፅ ሰማ። እንዳይዞር ብሎ አንገቱ እስኪደነዝዝ ቆየ።

ሰባቱ ወጣ። ድንኳኑ ፈረሰ፤ የእድሩ ወንበሮች በጋሪ ተጭነው ሄዱ። ብሥራት ወደ ዳንግላ ለመመለስ ሻንጣዋን ሸክፋ ነበር፤ አባቷ በዘጠኝ ሰዓት የሳንባውን ጥቅል ይዞ ሲወጣ አይታ ሻንጣዋን አስቀመጠችና ተከተለችው። የእህተማርያም የቆርቆሮ በር ማጠፊያው ዝጓል፤ ሲገፉት መሬቱን እየፋቀ ይጮኻል። ብሥራት ልትገፋው እጇን ስትዘረጋ ክንዴ በክርኑ ከለከላትና ጥቅሉን አቀበላት። ጎንበስ ብሎ በሩን በሁለት እጁ ከሥሩ ይዞ ከመሬት አነሳው። እንዳነሳው፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ትንሽ በትንሽ ወደ ውስጥ አስገባው።