ለአያት ያልተሠራ ቃል

«ማካ ገብቶ አይቷታል ወይ?» ቢሏት ምን ትመልሳለች? ካሎላይኔ ከንጋት ጀምሮ ይህንኑ ስታብሰለስል፣ በአገሯ የሐዘንተኛ ወግ የለቅሶ ምንጣፏን ወገቧ ላይ እንደታጠቀች፣ ዳቦና ሻይ የሚያዞሩትን ሴቶች እንኳ አላየቻቸውም። የልጅ ልጇ ሉፔ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከዋና ከተማው ከኑኩአሎፋ በጀልባ የመጣችው የጤና መርማሪ ከፊቷ ተቀምጣለች።

የደሴቲቱ ብቸኛ ነርስ ማካ ከሰው ርቆ አንገቱን ደፍቷል። የሉፔ አክስት ልጅ ነው። በደሴቲቱ ወግ የአክስት ልጅ ወንድም ነው፤ ወንድም ደግሞ እህቱ የተኛችበት ክፍል አይገባም። ሁለቱን ያሳደገችው፣ ይህንንም ያስተማረቻቸው ካሎላይኔ ናት።

ከጓዳ አንዷ ጎረቤት፣ «ነርስ ነው ወይስ ፖስተኛ? በር ደርሶ የሚመለስ» ስትል ሰማች። ሌላዋ ሳቋን በመዳፏ አፈነች።

ሉፔን ጭኗ ላይ የባሕር ድንጋይ ቧጭሯት ነበር። በትኩሳት ስትቃጠል ማካ ቦርሳውን አንግቶ መጣ። «አያቴ፣ ይግባ፤ ነርስ አይደል እንዴ?» አለች ሉፔ። ካሎላይኔ በሩን በክንዷ ጋረደች። ቁስሉ ምን ያህል ነው ቢላት፣ ትንሽ ናት አለችው፤ ገልጣ ግን አላየችም። ክኒን ሰጥቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሉፔ አረፈች።

ከዚያ ወዲህ የሉፔ ድምፅ ከጆሮዋ አልጠፋም። ሳህን ሲጋጭ፣ ነፋስ መጋረጃውን ሲያነሳ፣ «አያቴ፣ ይግባ» ይላታል።

መርማሪዋ ወረቀቷ ላይ «የሙያ ቸልተኝነት» ብላ ጽፋለች። ምን ማለት ነው ስትላት፣ ባለሙያ ማድረግ የሚገባውን ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ሲጎዳ ነው አለቻት፤ የሥራ ፈቃዱንም ይነጠቃል።

ገብቶ አይቷታል ማለት ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ማካን ታተርፈዋለች። «ይግባ» ባለችው በሉፔ ላይ ግን ሁለተኛ በር ልትዘጋባት ነው።

«አልገባም» አለች። «የከለከልኩት እኔ ነኝ። ቃሉን በእኔ ላይ ጻፊው፣ ልጄ።»

መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «እማማ፣ ቃሉ የባለሙያ ነው። አያት ላይ አይጻፍም።»

«እንግዲያ አያት ስታጠፋ ምን ትባላለች?»

ማካ ተነሥቶ መጣ። «ማንም አልከለከለኝም። መግባት የእኔ ሥራ ነበር» አለና ወረቀቱ ላይ ፈረመ። ከዚያ አያቱ ፊት ተንበረከከ፤ ወገቧ ላይ የላላውን የምንጣፏን ገመድ ቀስ ብሎ አጠበቀላትና ከቤቱ ወጣ።