የሉሉ ጠጉር

መምህርት ሰርካለም ከደብረ ብርሃን ሥልጠና ወደምታስተምርበት ቀየት ከተማ ተመልሳ ስትደርስ ለውሻዋ የገዛችውን ብስኩት በቦርሳዋ ይዛ ነበር። የግቢውን በር ከፍታ ስትገባ ግን ሉሉን አላወቀቻትም። ዐሥር ቀን ሙሉ ለአከራይዋ ለጋሽ ቅጣው በአደራ ትታት የሄደችው ውሻ ነጭ፣ ጠጉራም፣ ከድመት እምብዛም የማትበልጥ፣ አልጋ ላይ የምትተኛ ቅምጥል ነበረች። አሁን ፀሐይ ላይ ከበግ ጠጉር በተሠራ የባና ብርድ ልብስ ቁራጭ ተጠቅልላ የተቀመጠችው ቆዳዋ የቀላ፣ ጅራቷ የቀጠነ፣ የምትንቀጠቀጥ ነገር ናት።

«ማነው የሸለታት?» አለች ሰርካለም።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ቅጣው፣ ከሽመናቸው ቀና ሳይሉ።

ደሟ ፈላ። «በታኅሣሥ? በዚህ ውርጭ? በጉን እንኳ በዚህ ወር የሸለተ ሰው እብድ ነው የሚሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

እውነቷን ነው። በዚያ ደጋ አገር ውርጩ ሣሩን በሚያቃጥልበት ወር መቀስ ይዞ በግ የሚቀርብ ሰው ጤነኛ አይባልም። ጋሽ ቅጣው ደግሞ አርባ ዓመት በግ ሲሸልቱ፣ ባና ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አላወቁም አይባልም። ሰርካለምን ያቃጠላትም ይኸው ነው።

«ጠጉሯን ለባናዎ ፈልገውት ነው!»

አሁን ቀና አሉ። «ምን አልሽ?»

«ፈልገውት ነው! በብርድ ብትሞትብኝ ሕግ ፊት ነው የማቆምዎት! ፎቶዋንም አንስቼ አገር እንዲያይልዎት ቲክቶክ ላይ እለጥፈዋለሁ!»

መልሳቸውን አልጠበቀችም። ስልኳን አውጥታ የእንስሳት ሐኪሙን ይታየውን ጠራችው። የጠራችው ለሕክምናው ብቻ አይደለም፤ እንዲመሰክርላት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

ይታየው መጥቶ ውሻዋን ጭኑ ላይ አስቀመጣት። ብብቷን ገልጦ አየ። ከጆሮዋ ኋላ አየ። በየቦታው የቁስል ጠባሳ አለ፤ አንዳንዱ ገና ቅርፊት እየያዘ ነው፣ ቅባትም ተቀብቷል።

«ይኸው!» አለች ሰርካለም። «በመቀስ ቆራርጠዋታል!»

«ይህ የመቀስ ቁስል አይደለም» አለ ይታየው። «ወር አልፎታል። መምህርት፣ ይቺን ውሻ ስንት ጊዜ ያበጥሯታል?»

«በየቅዳሜው በሻምፑ አጥባታለሁ!»

«ማበጠሩን ነው የጠየቅሁት።»

«ማበጠሪያ ስትጠላስ? ስይዝላት ትነክሰኛለች። ከላይ ከላይ አስተካክልላታለሁ እንጂ…»

ጋሽ ቅጣው ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና አንድ ነገር ይዘው ወጡ። ሰርካለም እግር ሥር ወረወሩት። የሉሉ ጠጉር ነበር። እንደ ጠጉር ግን አልተበተነም፤ እንዳለ አንድ ጨርቅ ሆኖ ደርቋል። በውስጥ በኩል መግል ቢጫ አድርጎታል፣ ሸተተ።

«ለባና ፈለጉት አልሽኝ፤ ያው ባናሽ!» አሉ። ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። «ባና እንዴት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ? ተሸምኖ ሲያበቃ ውኃ እናጠጣውና በእግራችን እንረግጠዋለን። ያን ጊዜ ጠጉሩ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ከዚያ ወዲያ ንጉሥ ቢያዝ አይፈታም። አንቺስ ምን አደረግሽ? ሳታበጥሪ አጠብሻት። በፎጣ አሸሻት። በሳምንቱ ደግመሽ አጠብሻት። እሷ እንስሳ ናት፣ አፍ የላት! ከነሕይወቷ ባና ሠራሽባት፤ እግሯን ባነሣች ቁጥር ቆዳዋን ይጎትታታል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ውርጩን ሳላውቀው ቀርቼ መሰለሽ? ሌሊቱን ከጋቢዬ ሥር ነው የማሳድራት፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ውሻ ታቅፌ!»

ሰርካለም ይታየውን አየችው።

«ጠጉሩ ተጣብቆ ቆዳዋን ይዞት ነበር ማለት ነው» አለ እሱ ቀስ ብሎ። «ከመሸለት በቀር መላ አልነበረውም። እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የማደርገው። የነከሰችዎትም ሲያማት ነው።»

ንዴቷ ግን መውጫ ፈለገ። ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? እያዩ ዝም ይላሉ? አንድ ቃል ቢተነፍሱ ምን ነበረበት?»

«ነግሬሻለሁ።»

«መቼ?»

«በመስቀል ማግሥት። እዚሁ ደጃፍ ላይ አጥበሽ ስታሺያት አየሁና፣ ‹ልጄ፣ ጠጉር ሳይፈታ ውኃ አይነካም፣ ይያያዝብሻል› አልኩሽ። ‹ጋሽ ቅጣው፣ ሉሉ እኮ በግ አይደለችም› ብለሽ ሳቅሽብኝ።»

አስታወሰች። መሳቋን ብቻ አይደለም። በማግሥቱ መምህራን ክፍል ገብታ የጋሽ ቅጣውን ድምፅ እያስመሰለች አውርታው ነበር፤ ባልደረቦቿ በሳቅ ፈርሰው ነበር፤ ድገሚው ሲሏት ደግማላቸው ነበር።

ጋሽ ቅጣው ጎንበስ ብለው ውሻዋን ከሐኪሙ ጭን ላይ አነሡና በባናው መልሰው ጠቀለሏት። ሰርካለም ልትወስዳት እጇን ዘረጋች።

«እስክትድን ከእኔ ጋር ናት» አሉ። «ከፈለግሽ ክሰሺኝ።»

እጇን መለሰች።