የኤግዚሊያ የደቦ ምሳ

ከበሮው ድንገት ቆመ። ኤግዚሊያ ቦሎቄውን ከምታማስልበት ድስት ቀና ብላ ወደ ቦዩ ብታይ፣ ሠላሳው ደቦተኛ ዶማውን ተደግፎ ቆሟል።

ወይ ጉድ! ውኃው የሚለቀቀው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ቦዩ እስከዚያ ከደለል ካልጸዳ ተራው ለታችኛው መንደር ያልፋል፤ የእሷ ተራ ተመልሶ የሚደርሰው ደግሞ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው። የሩዝ ችግኟ ያን ያህል አይጠብቃትም።

"ምን ሆናችሁ?" ብላ ጮኸች።

ከበሮ መቺው አጎት ዶርሜየስ ጥርስ አልባ አፉን ከፍቶ ሳቀ። እኛ ሄይቲ፣ በሩዝ አገሩ አርቲቦኒት ውስጥ፣ የደቦ ዘፈን አውራጅ ሰነፉንም ንፉጉንም አይምርም፤ የጋባዧን ምድጃ አይቶ መዝፈን መብቱ ነው። ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠውን ጆንያ በከበሮው ዱላ ጠቆመና አወረደ፦

"ክንዳችን አርቲቦኒት፣ ሆዳችን ማያሚ፣
የራሷን ሩዝ ሸጣ፣ የሰው ሩዝ ለቃሚ!"

ደቦተኛው እየሳቀ ተቀበለው። ኤግዚሊያ በኀፍረት ፊቷ ጋለ። ጆንያው ሰዉ የማያሚ ሩዝ የሚለው፣ ከመርከብ የወረደ የባዕድ አገር ሩዝ ነው፤ ጠዋት ከባለሱቋ ከማዳም ሴሎንዲዩ በዱቤ አመጣችው። የራሷ ሁለት ጆንያ አልጋዋ ሥር ተቀምጧል። እሱ ዋጋው እጥፍ ስለሆነ ለገበያ ነው።

"አጎቴ፣ ምነው በሰው ፊት? የራሴን ብቀቅለው የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ አንተ ልትከፍልልኝ ነው?"

"ለትምህርት ቤቱ አንዱ ጆንያ ይበቃሻል። የሌላው ገንዘብ የት ነው የሚገባው?"

ኤግዚሊያ ወደ ድስቷ ዞራ ቦሎቄውን ማማሰል ቀጠለች።

"ተናገሪ እንጂ ልጄ!"

"ለሴሎንዲዩ" አለች ቀስ ብላ። "ለዚህ... ለሩዙ ዱቤ።"

ሳቁ ቦዩን አናጋው።

"እሰይ! መንግሥታችን ሩዝ ልታበስል መጣች!" አለ ዶርሜየስ። "እሱም እኮ የአገሩን ሸጦ፣ ተበድሮ የሰው ይበላል። አባቶቻችን ነፃነታቸውን በደማቸው ገዝተው ሲያበቁ ፈረንሳይ ካሣ ክፈሉኝ አለቻቸው። ለዚያ ዕዳ አያቴ ዕድሜውን ሙሉ ቡና ለቅሞ፣ የጠጣው አተላውን ነው። አንቺም አተላ ልታበይን ነው?"

ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ሳቅ ቀደማት። እውነቱን ነዋ! ቤት ገባችና አንዱን ጆንያ እየጎተተች አወጣችው። ስፌቱን በቢላዋ ስትተረትረው የአዲስ ሩዝ ሽታ ግቢውን ሞላው።

"ሁለተኛው የልጄ ነው" አለች ቢላዋዋን ወደ ዶርሜየስ ቀስራ። "በእሱ ላይ የዘፈነ ምሳ የለውም!"

ከበሮው ገና ሳይመታ ዶማዎቹ ወረዱ።

"የማያሚውስ ጆንያ?" አለ ዶርሜየስ።

"አልተፈታም። ውኃው እንደገባ እኔው ተሸክሜ ለሴሎንዲዩ እመልስላታለሁ። ስሜን ከዱቤ ደብተሯ የምትሰርዘው ግን እዚያው ቆሜ እያየሁ ነው።"