ባለ ሁለት ሜትሩ ውሃ ልክ

እኔ ጥሩ ሰው ነኝ ብዬ አልጀምርም። ቀድሜ ልንገራችሁ፣ በኋላ እንዳታዝኑብኝ።

አናጢ ነኝ። የምሠራበት ወርክሾፕ ድሮ የአንድ ሽማግሌ ነበር። በሌለበት ሚሊሜትር ነው የምንለው፤ አንዲት ሚሊሜትር ከሳትክ በሩን አስነቅሎ እንደገና ያሠራሃላ! ፊት ለፊት ግን ጋሼ ነው። አሁን ወርክሾፑን የያዘው አማቹ ነው፣ የልጁ ባል። ለጋሼ የቀሩለት መስኮቱ ሥር ያለችው የሥራ ጠረጴዛውና የበሩ ቁልፍ ብቻ ነበሩ።

ታዲያ ጋሼ ዓይኑ ከደከመ ዓመት አልፎታል። መሃል ሲቆም እንጨቱ አለመዝመሙን የሚናገረው የውሃ ልክ አረፋ አይታየውም። ይሄን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አስብ ነበር፣ ምክንያቱም ዓይኑ እኔ ነበርኩ። እሱ ውሃ ልኩን አስቀምጦ ጎንበስ ይላል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ እስላለሁ። አንዴ "እህ" ካልኩ አረፋው ወደ ግራ ሄዷል። "እህ እህ" ካልኩ ወደ ቀኝ። ዝም ካልኩ መሃል ነው። ለሚያየን ሰው ሰጋቱራ ጉሮሮው የገባ አናጢ ነኝ፣ በቃ። ዘዴውን ያመጣው ራሱ ጋሼ ነው።

አንድ ቀን ስድስት ሜትር የመጽሐፍ መደርደሪያ ታዘዝን፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። እሱን ክንድ በማታክል ውሃ ልክ አትሠራውም፤ በየልኬቱ ትንሽ ትንሽ ስትስት፣ ጫፍ ስትደርስ አንድ ጣት ያህል ዘቅዝቀሃል። ባለ ሁለት ሜትር መግዛት ነበረብን።

አማቹ ሽንት ቤት በር ላይ ያዘኝ።

"ሱቅ ስንሄድ የሚመርጠው አባባ ነው። ያ ሳልህ ትንሽ ይሳሳትልኝ።"

"የምን ሳል?"

"ተው እንጂ! የማያየው እሱ ነው፣ እኛ አይደለንም።" ሳቀ። "ጠረጴዛዋ ያንተ ናት። ከነመስኮቷ።"

ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራሁት ጨለማው ጥግ ላይ ነው። ብዙም አላሰብኩበት።

ሱቁ ውስጥ ባለ ሁለት ሜትር የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፣ በሩ ጀርባ ተደግፈው። አማቹ እዛው የነበረ አንድ ሌላ ገዢም እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣ "እህቴ፣ ዛሬ ፈተና አለን!" አላት ባለሱቋን። "አባባ ትክክለኛውን ከመረጠ መደርደሪያውን እሱ ይሰቅላል። ከተሳሳተ ግን የወርክሾፑን ቁልፍ አስረክቦ ቤቱ ያርፋል። አይደል አባባ?"

"አንተ ሳትወለድ ነው ውሃ ልክ መምረጥ የጀመርኩት" አለ ጋሼ። ከዛ ለኔ፣ "ና የኔ ልጅ፣ ከጎኔ ቁም።"

አመራረጡን ብታዩት! መጀመሪያ ጠርዙን ከጫፍ ጫፍ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ የጎበጠ ነገር ካለ ጣቱ ይነግረዋል። ከዛ ባንኮኒው ላይ አጋድሞ ጫፉ ጋ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ቀጥሎ ግራውን ወደ ቀኝ አዙሮ እዛው ምልክት ላይ ይመልሰዋል። አረፋው ሁለቴም አንድ ቦታ ከቆመ ውሃ ልኩ ታማኝ ነው። ቦታ ከቀየረ ውሸታም ነው።

የመጀመሪያው አረፋ መሃል። ሲያዞረውም መሃል፣ ቁጭ! ዝም ማለት ነበረብኝ። "እህ" አልኩ። ሲያዞረው ደግሞ "እህ እህ"።

"ይሄ ውሸታም ነው" ብሎ ገፋው።

ሁለተኛው አንዴ ወደ ግራ፣ ሲዞር ወደ ቀኝ፣ ሕፃን እንኳ የሚያየው። ጉሮሮዬን የእውነት ሳል ያዘኝ። ዋጥኩት።

"ይሄ ነው!" አለ ጋሼ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ።

አማቹ ውሃ ልኩን ቀስ ብሎ አዞረው። "እህቴ፣ ነይ እስቲ እዪልኝ። አረፋው የት ነው?"

ባለሱቋ ጋሼን አየችው። "ወደ ግራ ሄዷል" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"እንዲህ ሳዞረውስ?"

"ወደ... ቀኝ።"

"አባባ፣ ይሄ ስንት ጣት ነው?" ሦስት ጣቱን አፍንጫው ሥር አወዛወዘበት። ገዢው በሳቅ ፈነዳ።

ጋሼ ፊቱን ወደኔ አዞረ፣ ትንሽ ስቶኝ፣ ከጆሮዬ አጠገብ ያለውን የሚስማር ካርቶን እያየ። "መሃል አልነበረም?" አለኝ በሹክሹክታ።

"እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ!" አልኩ ጮክ ብዬ። "መራጩ እርስዎ!"

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ታማኙን ውሃ ልክ ገዝተን ወጣን። መደርደሪያውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ዝንፍ አላለም።

አሁን ጋሼ ወርክሾፑ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። አማቹ ጨዋታ አገኘ። ከኋላው ይሄድና "እህ" ይላል። ጋሼ በልማድ "ወደ ግራ" ይላል። "እህ እህ" ሲለው "ወደ ቀኝ"። እኛ ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። እኔም እስቃለሁ፣ ምን ልዋሻችሁ። ሌሎቹ አናጢዎችም ሞከሩት፣ ለሁሉም ይመልሳል።

ባለፈው ሳምንት የእውነት ሰጋቱራ አነቀኝ፣ መስኮቷ ሥር ቆሜ አንዴ ሳልኩ። ሁሉም መጋዙን አቁሞ መልሱን ጠበቀ።

"አባባ፣ የት ሄደ?" አለ አማቹ፣ ሳቁን አፍኖ።

ጋሼ ወንበሩን ጎትቶ ጀርባውን ሰጠኝ።

"ይሄ ውሸታም ነው" አለ።

እንደዛን ቀን ተስቆ አያውቅም። ከዛ ወዲህ ሁሉም የሚጠራኝ በሱ ነው፤ ውሸታም፣ መዶሻ አቀብለኝ፤ ውሸታም፣ ምሳ ደርሷል። እጠራለሁ፣ አቤት እላለሁ። ጠረጴዛዋ ግን የኔ ናት።