ሊንደኗ እስክትወድቅ

ቫይዘንሮይት መንደር ውስጥ ሁለት አሮጊቶች አሉ ይባል ነበር፣ ለቀልድ። አንደኛዋ መጠጥ ቤቱ ደጃፍ የቆመችው የሊንደን ዛፍ ናት፤ ሁለተኛዋ እዚያው ቢራ የምትቀዳው ቡርጊ። ዛፏን «አሮጊቷ» ብሎ የማይጠራ ሰው አልነበረም። ቡርጊን ፊት ለፊት እንዲህ ለማለት የሚደፍረው ግን ወንድሟ ፋይት ብቻ ነው፤ እሱም ሦስተኛውን ብርጭቆ ከጨለጠ በኋላ።

ቡርጊ አሮጊት አልነበረችም። ሃምሳ አልሞላትም፤ ጥርሷ ሙሉ ነው፤ በርሜል ስታንከባልል ከጎረምሳ አታንስም። ያስረጃት መሐላ ነው።

እናቷ ስትሞት ቡርጊ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ፋይት ገና ይድሃል። ልጅቷ ከተማ ወርዳ ልብስ ስፌት ልትማር ጓዟን ጠቅልላ ነበር። አባቷ መጠጥ ቤትና ሕፃን ታቅፎ ቀረ። አልተቆጣም፣ አልጮኸም። እጇን ይዞ ሊንደኗ ሥር ወሰዳት፤ በዚያ አገር ቃል የሚሰጠውም፣ ድንበር የሚካለለውም፣ ጠበኛ የሚታረቀውም እዚያ ነው። ግንዱን በጣቱ አንጓ አንኳኳ። ግንዱ እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ።

«ሰማሽ? ውስጧ በስብሷል» አላት። «የደን ጠባቂው አምስት ክረምት አትሻገርም ብሏል። እሷ እስክትወድቅ ብቻ አብረሽን ቆዪ። ያን ጊዜ ፋይትም ከፍ ይላል፤ አንቺም ወደምትፈልጊበት ትሄጃለሽ።»

አምስት ክረምት ምን አላት? አባቷም አሳዘናት። መዳፏን ቅርፊቱ ላይ አድርጋ፣ መንደሩ ቆሞ እየሰማ፣ «ይህች ሊንደን ቆማ ሳለች ከዚህ ቤት አልወጣም» አለች። አባቷ ግንባሯን ሳማት። ከዚያ እሱ በሁለተኛው ክረምት ሞተ፤ ሊንደኗ ቆማ ቀረች።

የአገሬው ሰው አንድ አባባል አለው፦ ሊንደን ሦስት መቶ ዓመት ትመጣለች፣ ሦስት መቶ ዓመት ትቆማለች፣ ሦስት መቶ ዓመት ትሄዳለች። ሕፃኑም ሽማግሌውም ያውቀዋል። በመሐላው ቀን ግን ይህን አባባል ጮክ ብሎ ያስታወሰ አንድም አፍ አልተገኘም። ሰው እንዲህ ነው፤ ጉድጓዱን የሚያሳይህ ከገባህበት በኋላ ነው።

መሐላውን ብታፈርሰውስ? አይፈርስም። ላውቢንገር የሚባል ገበሬ እዚያው ሥር የማለውን ክዶ ነበር፤ እስኪሞት ድረስ እንደምን አደርክ ያለው የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ አግዳሚው ላይ ከጎኑ የነበረው ሁሉ ተነስቶ ወደ ሌላ ወንበር ይሄድ ነበር። ቡርጊ ልጅ ሳለች ይህን አይታለች። ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ ቫይዘንሮይት ደግሞ ዕዳ የማትረሳ መንደር ናት።

ስለዚህ ጠበቀች። በየጸደዩ መስኮቷን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው ቅርንጫፎቹን ነው፤ ዘንድሮ ቅጠል አወጣች ወይስ አላወጣችም? ሁልጊዜ ታወጣለች፣ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ለጋ፣ የሚያበሳጭ ቅጠል። በሐምሌ አበባዋ ይፈነዳና ሽታው አልጋ ድረስ ይገባል፤ ንቡ ከማለዳ እስከ ማታ ይተምማል። ሰው ለሳል ለትኩሳት አበባውን ይለቅማል፣ አፍልቶ ይጠጣል፣ ያልበዋል፣ ይድናል፣ ያመሰግናታል። ለቡርጊ የሚተርፋት ቅጠሉ ላይ ያለው ተባይ የሚያንጠባጥበው ማር መሳይ ነገር ነው። ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል፣ ወንበሩ ላይ፣ ፀጉሯ ላይ። ብርዱ እስኪገባ ድረስ ጨርቅ ይዛ ስትፈገፍግ ትውላለች፤ እጇ ከነካችው ነገር ሁሉ ጋር ይጣበቃል።

ፋይት ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር። አድጎ የመጠጥ ቤቱ ጌታ ሆነ፤ ሆዱ ወጣ፤ ሚስት አላገባም። እንዲህ ዓይነት እህት ያለችው ሰው ሚስት ለምኑ? እንግዳ ሲመጣ ትከሻዋን አቅፎ «ቡርጊዬ ባትኖር እኔ ምን ይውጠኝ ነበር?» ይላል፤ ዓይኑ እንባ ያቀራል። እውነቱን ነው። ቡርጊ ይህን ፍቅር ስትሰማ ደረቷ ላይ በርሜል የተጫነባት ያህል ትንፋሿ ያጥራታል።

ከዚያ ደግሞ ኪልያን አለ። ኪልያን ከከተማው ቢራ በጋሪ የሚያመላልስ ሰው ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ዝግ ያለ፣ ከሰው ይልቅ ከፈረሶቹ ጋር የሚያወራ። እንድታገባው የጠየቃት ገና ጢሙ ጥቁር ሳለ ነው። መሐላዋን ነገረችው፤ «እንግዲያው እንጠብቃታለና» አለ። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር በርሜሉን ሳያወርድ መጀመሪያ ግንዱን ያንኳኳል።

«ገና ናት?»

«ገና ናት» ትላለች ቡርጊ።

«ጤናዋ እንዴት ነው?»

«ከእኔ ይሻላል።»

ይስቃሉ። ሳቁ ግን በየዓመቱ እያጠረ ሄደ።

ቡርጊ እጇን አጣጥፋ ብቻ አልጠበቀችም፤ ይህን ማንም አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ሽማግሌው ኤንድረስ፣ የዛፏን ከባድ ቅርንጫፎችና ላያቸው ላይ የተሠራውን የጭፈራ ወለል በምሰሶ ደግፎ የሚያቆመው አናጺ፣ ቢራውን እየጠጣ «የእንጨት ጠላቱ እርጥበት ነው፤ ውሃ ያደረበት ግንድ ዕድሜ የለውም» አለ። ቡርጊ ሰማች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየምሽቱ በባልዲ የቢራውን አተላ፣ የሰሃን እጣቢውን፣ አንዳንዴም የፈረስ ፍጉን ይዛ ትወጣና በግንዱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ትደፋለች። ይበስብስ። ቶሎ ይበስብስ። ሰው ሁሉ ያያታል፤ ሐሳቧን ግን የጠረጠረ የለም።

«ቡርጊ፣ አሮጊቷን እራት አበላሻት?» ይሏታል ጠጪዎቹ።

«አበላኋት። ሆዷ ግን አይሞላም» ትላለች። ለዓመታት እንዲህ አለች።

በዚያ ዓመት ኪልያን ለደብሩ በዓል የሚሆነውን ቢራ ሲያመጣ ግንዱን አላንኳኳም። በርሜሎቹን አወረደ፣ ላቡን ጠረገ፣ ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ።

«እህቴ ባሏ ሞተባት» አላት። «የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት አላት፣ ከወንዙ ማዶ፣ ሩቅ ነው። ናና አብረን እንያዘው ብላኛለች። ጋሪውን ልሸጠው ነው።»

«መቼ ልትሄድ?»

«ከበዓሉ ማግስት።» የጋሪውን ገመድ አጠበቀና «ቡርጊ፣ እኔ እኮ ሊንደን አይደለሁም። ሦስት መቶ ዓመት የለኝም» አላት።

«ዘንድሮ ትወድቃለች» አለች። ድምጿ ራሷንም አላሳመናትም። እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ ይህን ስንት ጊዜ ሰምቶታል።

በበዓሉ ዕለት፣ ከምሳ በኋላ፣ ጠረጴዛው ተዘርግቶ፣ ቋሊማው እየተጠበሰ፣ ሙዚቀኞቹ ዛፏ ላይ ወዳለው ወለል ሊወጡ መሰላሉን ይዘው ሳለ ሰማዩ ጠቆረ። ነፋሱ ድንገት መጣ። ሰው ሁሉ ሰሃኑን ይዞ ወደ ቤት ሮጠ። ቡርጊ ወጥ ቤት ሆና ድምፁን ሰማች፤ አንድ ረጅም፣ የሚሰነጠቅ ድምፅ፣ ከዚያ መሬቱን ያንቀጠቀጠ አንድ ምት።

ማማሰያውን ጣለች። ከማንም ቀድማ፣ በዝናቡ ውስጥ ወጣች። የግንዱ ግማሽ ከላይ እስከ ታች ተገንጥሎ ጠረጴዛዎቹ ላይ ተጋድሟል። ወደቀች! ሽርጧን ከወገቧ ፈታች። ከጋጣው አጠገብ ኪልያን ፈረሶቹን እያረጋጋ ቆሟል፤ አያት፤ እሱም ገባው። ወደ እሷ መራመድ ጀመረ።

ዝናቡ አባራ፤ ሰው ወጣ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ በዚያ ቀን ግን ምሳር ይዞ የመጣው ኤንድረስ ብቻ ነበር፣ የተሰበረውን ሊጠርግ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። የመንደሩ ሹም ኦስቫልድ ባርኔጣውን አውልቋል። ፋይት እንደ ልጅ ይንሰቀሰቃል፤ ለዛፏ ይሁን ለሚመጣው ነገር እሱ ይወቀው።

ኤንድረስ ወደ ተከፈተው ግንድ ጠጋ አለ። ቆመ። ምሳሩን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ኑ» አለ። «ኑ እዩ እንጂ! ምን ያስለቅሳችኋል?»

በባዶው ግንድ ውስጥ ሌላ ግንድ ቆሟል። ከላይ፣ ቅርንጫፎቹ ከሚለያዩበት ቦታ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ወርዶ መሬት የገባ፣ የሰው ጭን የሚያህል፣ ጤነኛ ቅርፊት ያለበሰው ሥር። የቀረው የዛፏ አክሊል ሁሉ፣ ከነጭፈራ ወለሉ፣ በእሱ ላይ ቆሟል። አንድ ቅጠል አልጠወለገም።

«ሊንደን ይህን ታውቅበታለች» አለ ኤንድረስ። «ውስጧ ሲበሰብስ በራሷ ብስባሽ ውስጥ ሥር ትሰዳለች። የራሷን ሬሳ በልታ እንደገና ልጅ ትሆናለች። ግን በዚህ ፍጥነት እንዲህ የወፈረ አይቼ አላውቅም።» ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አፈሩን ዘገነ፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ትል የሚርመሰመስበት አፈር። አሸተተው። «አተላ! ይህ እኮ አተላ ነው። ማነው ሲመግባት የኖረው?»

መንደሩ በሙሉ ዞሮ ቡርጊን አያት።

«ቡርጊ ናታ!» አለች አንዷ። «በየምሽቱ በባልዲ! እኔ እኮ እስቅባት ነበር፣ ይቅር ይበለኝ።»

ፋይት ሮጦ አቀፋት፤ እንባውና ንፍጡ ትከሻዋ ላይ ወረደ። «እህቴ! ዛፏን አዳንሻት! እኔ አውቃለሁ፣ ይህን ቤት ትተሽ መሄድ አንጀትሽ አይችልም።» ሴቶቹ እጇን ሳሙ። አንዱ ቢራ አስጨበጣት። ሹሙ ኦስቫልድ ጉሮሮውን ጠረገና «ገና ሦስት መቶ ዓመት ትቆማለች፣ ምስጋና ለቡርጊ!» አለ፤ ሰው አጨበጨበ።

ቡርጊ ሥሩን አየችው። ይህን ሁሉ ዓመት በገዛ እጇ። የእስር ቤቷን ምሰሶ በማንኪያ እያጎረሰች አሳድጋዋለች።

ኪልያን አላጨበጨበም። መጥቶ ሥሩን በጣቱ አንጓ አንኳኳ። ድፍን ነው፤ ምንም አልጮኸም። ባርኔጣውን አጠለቀና ወደ ጋሪው ዞረ።

«ልገድላት ነበር» አለች ቡርጊ።

«ምን አልሽ?» አለ ፋይት።

«ልገድላት ነበር! እንድትበሰብስልኝ ነው የደፋሁባት። ትወድቅልኝና ልሄድ። በየምሽቱ ሙቺ፣ ሙቺ እያልኩ!»

ኤንድረስ ቀድሞ ሳቀ። «ግድያሽ እንዲህ ከሆነ እኔንም ግደይኝ፣ ልጄ። ጉልበቴን አሞኛል!» ሁሉም ፈነዱ። ፋይት ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኦስቫልድ ዓይኑን እየጠረገ «ኧረ ዝም በይ፣ በበዓል ቀን ታስፈርጂናለሽ!» አለ። «በአሮጊቷ ላይ ብረት ያነሳ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቫይዘንሮይት ይውጣ፣ እሳታችንን አይሙቅ፤ የአያቶቻችን ደንብ ነው። በአተላ ስለገደለ ግን ምንም አላሉም!»

እንደገና ሳቁ። ቡርጊ አልሳቀችም። ያን ደንብ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ሁሉም ያውቀዋል፤ በር ሆኖ የታያት ግን ገና አሁን ነው።

ቢራውን መሬት ላይ አስቀመጠች። የኤንድረስን ምሳር አነሳች።

«ቡርጊ?» አለ ኤንድረስ።

ሊንደን ለስላሳ እንጨት ናት፤ ቀራጮች የሚወዷት ለዚሁ ነው። ምሳሩ ሥሩ ውስጥ ጥልቅ ብሎ ገባ፤ ነጩ እንጨት እርጥብ ሆኖ ታየ። አንዴ ብቻ መታች። ምሳሩን ነቅላ ለኤንድረስ መልሳ ሰጠችው፤ አዝናላት ነበር፣ ለዛፏ፣ ይህን ደግሞ አላሰበችውም።

አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። ኤንድረስ አውራ ጣቱን ቁስሉ ላይ አደረገና «ትድናለች» አለ በለሆሳስ፤ «ይህን ያህል አይገድላትም።» የሰማው የለም።

ኦስቫልድ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ቡርጊ እሱን ነበር የምትጠብቀው፤ ፍርዱ የሹሙ ነው። ጩኸቱ ግን ከጎኗ መጣ።

«ትውጣ!» አለ ፋይት። ፊቱ ቀልቷል። «አሁኑኑ ከመንደራችን ትውጣ!»

ከዚያ ሁሉም ተቀበለው፤ እጇን የሳሙት ሴቶች ጭምር።

በመሃላቸው አልፋ ሄደች። መንገድ ለቀቁላት፤ እንዳትነካቸው። ኪልያን ልጓሙን እንደያዘ ቆሟል፤ እሱም ደንግጧል።

«አንተም ትጠላኛለህ?» አለችው።

«እኔ የዚህ መንደር ሰው አይደለሁም» አለ። ባዶዎቹን በርሜሎች ገፋ አድርጎ ቦታ ሠራላት። «ቡርጊ፣ ግን ቃልሽስ? አሮጊቷ እኮ ቆማለች።»

«ትቁም። ቃሌን አላጠፍኩም። እኔ መቼ ወጣሁ? አስወጡኝ እንጂ።»

ኪልያን እስኪያስለው ሳቀ፤ ፈረሶቹም ተንቀሳቀሱ። እሷ ግን ድልድዩን እስኪሻገሩ ድረስ አለቀሰች። «ትውጣ» ብሎ ከሁሉ በፊት የጮኸውን ልጅ አዝላ ያሳደገችው እሷ ነበረች።