ጥርግ ብሎ ያለቀው ቁጥር

የልጄን የዘርፌን ሠርግ አንድ ቁጥር ሊያፈርሰው ነበር። ቁጥሩ ምን ያድርግ፣ ሁለት የተማሩ ወንዶች ናቸው እንጂ።

በ፲፱፻፵፰ ዓ.ም. ዕንቁጣጣሽ የደብራችን አለቃ ሥዩም እንደ ወጉ የዓመቱን አጽዋማት ሊያውጁ ቆሙ። ዓለም ከተፈጠረ ሰባት ሺህ አራት መቶ አርባ ስምንተኛው ዓመት ነው። ባለቤቴ መሪጌታ ጓዴ ይህን ቁጥር ከተማሪነታቸው ጀምሮ ሲጠብቁት ኖረዋል። «በአራት በአራት እያካፈልሽ ብትገድፊው አይተርፍም፤ በሰባት አይተርፍም፤ በአሥራ ዘጠኝም አይተርፍም። በአምስት መቶ ሠላሳ ሁለት እንኳ ጥርግ ብሎ ያልቃል። ዳግመኛ እንዲህ የሚሆነው ሌላ አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲያልፍ ነው» እያሉ እኔን በምድጃዬ ላይ ያደነቁሩኝ ነበር።

አለቃ በአሥራ ዘጠኝ ገድፈው ምንም ትራፊ ቢያጡ «ባዶ ነው» አሉና በባዶ ቀጠሉ። ዐቢይ ጾምን ሁለት ሳምንት አስቀድመው፣ የካቲት ፲፱ ይገባል ብለው አወጁ።

ባለቤቴ ከመካከል ተነሡ። «ትራፊ ሲጠፋ አሥራ ዘጠኙ ራሱ ይያዛል እንጂ ባዶ አይባልም። ጾሙ መጋቢት ፫ ነው።»

«ከሌለ ነገር ምን ይያዛል?» አሉ አለቃ። ሕዝቡ ሳቀ።

ሠርጉ የተቆረጠው ለየካቲት ፳፭ ነበር። የሙሽራው ወገኖች የአርብ ገበያ ሰዎች ናቸው፤ በእነሱ ደብር ቀኑ ፍስክ ነው። በእኛ ግን ጾም ሆነ። «ቀኑን እንለውጥ» ብል መሪጌታ «ስሕተትማ አልቀበልም» አሉ። አለቃ ዘንድ ሄጄ ብለምን ፊታቸውን አዞሩብኝ። ልጄ ታለቅሳለች፣ እነሱ ቁጥር ይገድፋሉ።

በሠርጉ ዋዜማ፣ መሪጌታ ከጠየቋቸው ከቤተ ልሔም ደብር ሊቃውንት ለሁለቱም መልእክት መጣ፤ የተሳሳቱት አለቃ ናቸው። አለቃ ለሕዝቡ ትንፍሽ አላሉም። በማግስቱ ግን ጥምጥማቸውን አሳምረው ዳሳችን ገብተው ተቀመጡ። የአጥቢያው ሰው ተከትሏቸው መጥቶ ደጅ ቆመ፤ የሚበሉትን አይቶ ሊገባ ወይም ሊመለስ።

የሥጋ ወጡን ይዤ ስመጣ መሪጌታ ቀድመውኛል። አንድ ጣባ የሽምብራ ንፍሮ አለቃ ፊት አስቀምጠው፣ «በእርስዎ ቁጥር ዛሬ ጾም ነው» አሉ።

የአለቃ ፊት ጠቆረ። ከንፍሮው አንድ ፍሬ አንሥተው አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። ደጅ የቆመው ሰው ወደየቤቱ መመለስ ጀመረ። ዘርፌ ከመጋረጃው ውስጥ ሆና ታያለች።

ያን ጊዜ ነደደኝ። ጣባውን አነሣሁና ወጡን አቀረብኩ።

«አባቴ፣ ይህ ቁጥር እንደገና የሚያልቀው ከአምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ ነው አሉ። ልጄ እስከዚያ ትቆይልዎ?»

አለቃ ወደ ደጁ ተመለከቱ። ሰው ሁሉ እየሰማም፣ «አሥራ ዘጠኙ ይያዛል» አሉ። እንጀራውን ቆርሰው ከወጡ አጠቀሱ። ሕዝቡም ገባ።

መሪጌታ ፈገግ ብለው «እኔ ከዕንቁጣጣሽ ጀምሮ…» ሲሉ ጣባውን እሳቸው ፊት አኖርኩት።

«እርስዎ ንፍሮውን ይብሉ» አልኳቸው። እስኪጨርሱም ከፊታቸው ቆሜ ጠበቅኋቸው።